ፈረሴን ጉልበት ከድቶታል፤ ምን ላድርግለት?

ባለጋሪው (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ፈረስ የምታውቁ ሰዎች እባካችሁ እርዱኝ። የምተዳደረው ኮምቦልቻ ላይ በጋሪ ነው። ፈረሴ ዳማ ነው፤ ከወረኢሉ ገበያ ነው የገዛሁት። ዕድሜው ወደ አሥራ አራት ይጠጋል። በፊት ልጓሙን ሳነሳ ጆሮውን የሚያቆም፣ እኔ ሳልቀመጥ መንገድ የሚጀምር ነበር። ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ግን ሌላ ፈረስ ሆኖብኛል። ሶምሶማ አይታሰብም። ትንሽ ዳገት ሲያይ ቀጥ ይላል። ጭነቱን ብቀንስለትም ያው ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ይውላል።

ሰው ሁሉ «ገብስ ጨምርለት» አለኝ። ጨመርኩ። የገብስ ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ለውጥ የለም፤ እንዲያውም የጎድን አጥንቱ መታየት ጀመረ። ጎረቤቴ «አርጅቷል፣ ሽጠው» ይለኛል። እኔ አልሸጠውም። ባጃጁ በዝቶ የሰው ሥራ ሲቀዘቅዝ እንኳ ሲሚንቶና እህል እየጎተተ ቤቴን ያቆመልኝ እሱ ነው። አለንጋ የምትመክሩኝ ካላችሁ እሱን አልሰማም።

የእንስሳት ሐኪም (ደሴ)

አብሽር ወንድሜ። አለንጋውን በመተውህ አላህ ይስጥልህ። እንዲህ ጉልበት የሚያጣ ፈረስ ወይ አሞታል፣ ወይ የበላው አልደረሰውም፣ ወይ የሚያመው ቦታ አለ። ያ ሳይታወቅ ገብስ ብታፈስለት ገንዘብህን ነው የምታፈሰው።

መጀመሪያ ፋንድያውን እይ። ጠዋት የጣለውን በእንጨት በትነው። ገብሱ ሳይደቅ፣ ፍሬው እንዳለ ከወጣ ነገሩ ከጥርሱ ሊሆን ይችላል። ሲበላም አጠገቡ ቁጭ ብለህ ተመልከተው። ሣሩን አላምጦ አላምጦ ጠቅልሎ ይጥለዋል? አንገቱን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል? ለሃጩ ይዝረበረባል? የፈረስ ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ከድዱ ቀስ እያለ እየወጣ፣ እርስ በርሱ እየተፋጨ ነው የሚኖር። የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ሰፋ ስለሚል ግን እኩል አያልቅም። ከላይ በጉንጩ በኩል፣ ከታች በምላሱ በኩል እንደ ቢላ የሰላ ጠርዝ ይቀራል። ጠርዙ ጉንጩንና ምላሱን ያቆስለዋል። ስለዚህ በደንብ ሳያላምጥ ይውጣል፤ የበላው ሥጋ አይሆነውም። አሥራ አራት ዓመት ስትለኝ ቶሎ የመጣልኝ ይሄ ነው።

መፍትሔው ጠርዙን በሞረድ ማስተካከል ነው። ይህን ባለሙያ ይሥራው፤ አፍ መክፈቻ ይፈልጋል፣ አንዳንዴም ማረጋጊያ መድኃኒት። «ላንቃው አብጦ ነው» ብለው የሚበጡና በጋለ ብረት የሚተኩሱ ሰዎች አሉ። አደራህን፣ ፈረስህን አታስነካ። ቁስል ጨምሮበት ጭራሽ መብላት ያቆማል።

ቀጥሎ የዓይኑን ቆብ ገልበጥ አድርገህ ውስጡን እይ፤ ከንፈሩንም አንስተህ ድዱን። ሮዝ ከሆነ መልካም። ከነጣ ደሙ አንሷል። ክረምት ሲወጣ ይሄ ይበዛል፤ የትላትሉ እጭ እርጥብ ሣር ላይ ስለሚኖር ከግጦሹ ጋር ይገባል። ትኩስ ፋንድያ ይዘህ እዚያው ኮምቦልቻ ወዳለው የእንስሳት ጤና ላብራቶሪ ሂድ። የትላትል መድኃኒት በክብደት ነው የሚሰጥ፤ ገበያ ላይ ያገኘኸውን በግምት አታውጠው። ለከብት የተሠራውንም መርፌ አታስወጋው።

ክብደቱን በሜትር መገመት ትችላለህ። ከፊት እግሩ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን ለካ። ከዚያ ከትከሻው ጫፍ እስከ ታፋው ጫፍ ርዝመቱን ለካ። ዙሪያውን በራሱ፣ ከዚያ በርዝመቱ አባዝተህ ለ11,900 አካፍለው፤ ሁሉም በሴንቲ ሜትር። ዙሪያው 145፣ ርዝመቱ 135 ቢሆን 238 ኪሎ አካባቢ ይመጣል።

ትኩሳቱንም አስለካ። ጤነኛ ፈረስ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው። ከዚያ ካለፈ ጋሪ አይጎትትም፤ ያን ቀን ለሐኪም ይታይ።

አባ ፈረስ (ደላንታ)

የኔ ልጅ፣ ሐኪሙ ያለህን ስማ። እኔ ስለ ማሰሪያው ልጨምር። ጋሪውን ፈትተህ ደረቱንና ጀርባውን በእጅህ ዳብሰው። ፀጉሩ የተላጠ፣ ያበጠ፣ ስትነካው የሚሸሽበት ቦታ ካለ፣ ዳገት ላይ የሚቆመው አሞት ነው። ዳገት ሲጎትት ማሰሪያው እዚያች ቁስል ላይ ነው የሚያርፈው። ኮቴውንም አንሳና ጠጠር እንዳለው እይ።

ሌላው ጨው ነው። የደጋ ፈረስ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ሲውል ጨዉን በላብ ይጨርሰዋል። እኛ አሞሌ እናስልስ ነበር። ውኃውንም አትቆጥበው።

እኅታችሁ (ሐይቅ)

ስለ አልቅት ማንም አላነሳም። የእኛ አህያ ክረምት ላይ እንዲሁ ደክማ ነበር፤ ካፍንጫዋ ደም ጠብ ሲል ነው የነቃነው። ከረጋ ውኃ ስትጠጣ ገብቶባት ኖሯል። የእንስሳት ጤና ባለሙያው አወጣላት። ወንድሜ፣ ፈረስህ ከየት እንደሚጠጣ አጣራ።

ባለጋሪው

ሁላችሁንም አላህ ያክብርልኝ። ፋንድያውን በተንኩ፤ ገብሱ ፍሬ ፍሬው እንዳለ ነው የሚወጣው! ሣሩንም ጠቅልሎ ሲጥል አየሁት፤ ግርግሙ ሥር ሙሉ ነው። እኔ መኖ የሚያበላሽ መስሎኝ እጠርገው ነበር። ድዱ ሮዝ ነው፣ ደረቱም ደህና ነው። የሚጠጣው ከቧንቧ ነው። እስኪታከም ምን ላብላው?

የእንስሳት ሐኪም (ደሴ)

እንግዲያው ጥርሱን አሳየው፤ እዚያው ኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይዘህ፣ ደሴ ድረስ ዳገቱን አታስወጣው። እስከዚያ ገብሱን አስከካውና በውኃ አርሰው፤ ከፉርሽካ ጋር አድርገህ ትንሽ ትንሽ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ስጠው። ሣሩ ለስላሳ ይሁን፤ ድርቆሽም ከሆነ በአጭሩ ክተፈውና አርሰው። መኖውን ግን ባንዴ አትለውጠው፤ ሳምንት አሥር ቀን እያልክ ቀስ በቀስ። ፈረስ ማስታወክ አይችልም፤ ቁርጠት ከያዘው ሊሞትብህ ይችላል።

የውኃው ልክ ሳይሠራ ሲውል ለ100 ኪሎ ክብደት 5 ሊትር ገደማ ነው። በሙቀት ሲሠራ እጥፍና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ጨውም ለእሱ መጠን አንድ የሾርባ ማንኪያ በቀን ይበቃዋል፤ መኖው ላይ ነስንስለት። ጥርሱ ከተስተካከለ በኋላ ቶሎ ሲሚንቶ አታስጎትተው። ባዶ ጋሪ ጀምር፣ ጠዋት አየሩ ሳይሞቅ። ክብደቱን በየሁለት ሳምንቱ ለካውና እዚሁ ጻፍልኝ፤ ካልጨመረ የላብራቶሪውን ውጤት ይዘን እንደገና እናየዋለን።