በትውልድ ዜጋና በኋላ የተገኘ ዜግነት፦ የልጄ ነገር

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጄን ከጎንደር ወደ አሜሪካ ያመጣኋት በ6 ዓመቷ ነው። እኔ ለዜግነት ስምል 15 ዓመቷ ነበር። አሁን ኮሌጅ ልትገባ ስለሆነ እሷም ኤን 400 የሚባለውን የዜግነት ማመልከቻ ቅጽ ትሙላ? ደግሞ በመሐላ የተገኘ ዜግነት በፈለጉ ጊዜ ይነጠቃል ሲሉ ሰምቼ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ከልጅሽ ልጀምር። ኤን 400 እንዳትሞላ። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 27 ቀን 2001 ጀምሮ በሚሠራው ሕግ፣ ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው ግሪን ካርድ ይዞ፣ በሕግ ከሚያሳድገው ወላጁ ጋር አሜሪካ እየኖረ ወላጁ ዜጋ ከሆነ፣ ልጁም በዚያው ሰዓት ዜጋ ነው። አንቺ እጅሽን አንሥተሽ ስትምዪ እሷ ትምህርት ቤት ብትሆንም ዜጋ ሆናለች።

እኔ ይህን ባለማወቄ ልጄን በ19 ዓመቱ ከፍዬ አስሞላሁት። አሻራ ሰጠ፣ ጥያቄዎቹን ማታ ማታ አብረን አጠናን። በኢንተርቪው ቀን ሠራተኛዋ የእኔን የመሐላ ቀን ከልደቱ ጋር አመሳከረችና «አንተ እኮ ድሮ ዜጋ ነህ» አለችው። ማመልከቻው ውድቅ ሆነ፣ ገንዘቡም ቀረ።

ልጅሽ በቀጥታ ፓስፖርት ታውጣ፤ ያንቺን የዜግነት ሰርተፊኬት፣ ግሪን ካርዷንና በእንግሊዝኛ የተተረጎመ የልደት ካርዷን ይዛ። የእኛ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። የእሷ ላስት ኔም ሌላ፣ ያንቺ ሌላ፤ ወረቀት ላይ እናትና ልጅ አትመስሉም። የሚያገናኛችሁ የልደት ካርዱ ነው። አቅም ካለሽ ኤን 600 በሚባለው ቅጽ የራሷን የዜግነት ሰርተፊኬት አውጪላት፤ ፓስፖርት ጊዜው ያልፋል፣ ሰርተፊኬቱ አያልፍም።

ሕጉ ከልደት በኋላ በየትኛውም መንገድ የተገኘን ዜግነት ናቹራላይዜሽን ይለዋል። ስለዚህ ልጅሽ ባትምልም በትውልድ ዜጋ አይደለችም። ሕገ መንግሥቱ በዚህ ምክንያት የሚከለክላት ግን ፕሬዚዳንትነትንና ምክትልነትን ብቻ ነው። ኦስትሪያ የተወለደው የፊልም ተዋናይ ሽዋርዘኔገር የካሊፎርኒያ ገዥ ሆኗል፤ ለፕሬዚዳንትነት ግን መወዳደር አይችልም። ለሴኔት 9 ዓመት፣ ለተወካዮች ምክር ቤት 7 ዓመት ዜጋ ሆኖ መቆየት እንጂ የትውልድ ቦታ አይጠየቅም።

«ይነጠቃል» ያሉሽ ሰዎች አስደንግጠውሻል። አፍሮይም የተባለ የፖላንድ ተወላጅ እስራኤል ሄዶ ድምፅ በመስጠቱ ዜግነቱን ሊነጥቁት ሲሉ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1967 ዜጋው ራሱ ካልተወው መንግሥት አይወስደውም ብሎ ፈረደለት። የሚሻረው በማጭበርበር ወይም ሳይገባ የተገኘ ነው፤ ያውም በፍርድ ቤት ተረጋግጦ። በቀይ ሽብር የሠራውን ደብቆ ዜጋ የሆነው ቀልቤሳ ነገዎ ዜግነቱን ተነጥቆ እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተመልሷል። እውነቱን ጽፈሽ ከሆነ ያገኘሽው፣ ተኚ እህቴ።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። የልደት ካርዷ ጎንደር እናቴ ሣጥን ውስጥ ነው። አሁን እዚያ ሌሊት ስለሆነ ጠዋት ሲነሡ እደውላለሁ።