ነዳጅ ብለቅም የሞተሬ ድምፅ አይወርድም፤ ምን ይሻለኛል?

ጠያቂ (ከደጀን)፦
ያገሬ ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ባለ 125 ሞተር ሳይክል አለችኝ፤ ባለ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጥ ዕቃ) ናት። ከሁለት ሳምንት በፊት ጭቃ ስለበላት አሳጠብኳት፤ በዚያው ካርቡራተሯም ተፈቶ ተጸዳ። ከዚያ ወዲህ ጠባይዋ ተለወጠ። ነዳጅ ስሰጣት መጀመሪያ ዝም ትላለች፣ ከዚያ እንደ ፍየል ትዘላለች። ስለቅላት ደግሞ ሦስት አራት ሰከንድ እየጮኸች ትቆያለች። ማርሚታዋም (የጭስ ማውጫዋ) ጧ ጧ ይላል። ከተማ ውስጥ እምብዛም ነው። ወደ ዓባይ በረሃ ስወርድ ግን ይብስባታል። መታጠፊያው ላይ ለቅቄላት ወደፊት ስትገፋኝ ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች። ያጸዳት ልጅ «ሚኒሞ ነው» (ነዳጅ ሳይሰጣት የምትሠራበት ልክ ማለቱ ነው) ብሎ ማስተካከያ ቪቴዋን ዞር ዞር አደረጋት፤ ለውጥ የለም።

ጎዛምን፦
ወንድሜ፣ ከፍታው ነው። ደጀን ደጋ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ቤንዚን የምታሳልፈውን ባለቀዳዳ ብሎን ሰፋ ባለች አስቀይራት።

የጮቄው፦
ብር ከማውጣትህ በፊት ካቦውን፣ ከነዳጅ እጀታው ወደ ካርቡራተሩ የሚሄደውን ሽቦ፣ እይ። ሞተሯን አጥፋና የነዳጅ እጀታውን ጠምዝዘህ ልቀቀው። ጧ ብሎ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ካቦው ቆሽሿል ወይም ታጥፏል። ከተመለሰ ደግሞ አስነሳትና ሚኒሞ ላይ እንዳለች መሪውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዙር። ድምፅዋ ከተለወጠ ካቦው ተወጥሯል ማለት ነው። እጀታው ነዳጅ መሳብ ከመጀመሩ በፊት ከ2 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ላላ ማለት አለበት።

ጠያቂ፦
ሞከርኩት። እጀታው ወዲያው ይመለሳል፤ መሪውን ባዞርም ድምፅዋ ያው ነው።

ሽማግሌው መካኒክ (ከደብረ ማርቆስ)፦
እንግዲያው ካቦው ነፃ ነው። ልጄ ጎዛምን፣ ነገሩን ገለበጥከው። ደጋ ላይ አየር ስለሚሳሳ ሞተር ቤንዚን ይበዛበታል እንጂ አያንሰውም። ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የሚወረደው። ስትወርድ አየሩ ይወፍራል፤ ቤንዚኑ በአንጻሩ ያንሳል። የሱ ሞተር እዚያ የባሰባት ለዚህ ነው፤ ድሮም ቤንዚን አንሷታል።

ለምን አነሳት? ካርቡራተሩ ተፈቶ ተገጥሟል አላልክም? ካርቡራተሩን ከሞተሩ ጋር የምታገናኝ ጎማ አለች። ማሰሪያዋ ካልጠበቀ ወይም እሷ ከተሰነጠቀች፣ ካርቡራተሩ ያልለካው አየር ሰርጎ ይገባል። ነዳጅ ስትሰጣት ዝም የምትለው፣ ስትለቅላት የምትጮኸው፣ ማርሚታው የሚተኩሰው ሁሉ ከዚሁ ሊመጣ ይችላል። ሚኒሞውን መነካካት በሽታውን መሸፈን ነው።

ሞተሯ እየሠራች በጎማዋ ዙሪያ ትንሽ ውኃ ንፋ። ድምፅዋ ከተለወጠ አየር የሚያስገባው እሱ ነው። ቤንዚን እንዳትረጭ፤ አንዳንዱ እንዲህ ያደርጋል፤ ከጋለ ሞተር ጋር ጨዋታ የለም። እስክትሠራት ድረስ በረሃውን አትውረድ። ድንገት መንገድ ላይ ብትገፋህ ግን ፍሪሲዮን ያዝ፣ ቀይዋን ማጥፊያ ተጫን፣ ቀስ ብለህ በሁለቱም ፍሬን አቁማት።

አንዲት ቢቸና ያለች፦
ጋሼ ያሉት እውነት ነው፤ የኔም እንዲሁ ነበረች። በተረፈ ካቴናውንም (የኋላ ጎማውን የሚያዞረውን ሰንሰለት) እይ። ከላላ ነዳጅ በሰጠህና በለቀቅህ ቁጥር ያናጥራል። ከዚያ ሞተሩን ያለጥፋቱ ትከሳለህ።

ጠያቂ (በሦስተኛው ቀን)፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ውኃ ስነፋባት ድምፅዋ ወረደ። ፈትቼ ባይ ጎማዋ ከሥር፣ ዓይን በማያይበት በኩል፣ የጥፍር ያህል ተሰንጥቃለች። ስትፈታ በካቻቪቴ ፈልቅቀዋት ይሆናል። በአዲስ ቀየርኳት፣ ሚኒሞውንም ወደ ቦታው መለስኩት። ስለቅላት አሁን ወዲያው ትወርዳለች። ካቴናውም ላልቶ ነበር፣ አጠበቅኩት። አንድ ነገር ቀረ፤ ረዥም ቁልቁለት ላይ ማርሚታው አልፎ አልፎ አሁንም ጧ ይላል።

ሽማግሌው መካኒክ፦
አልፎ አልፎ ከሆነ አይክፋህ። ግን ማርሚታው ከሞተሩ ጋር የሚጋጠምበትን ቦታ እይ፤ ጥቁር ጥላሸት ካየህ እዚያም አየር ይገባል፤ በመካከል ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ቀይር። በባዶ ማርሽ ግን አትውረድ። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ አስገባና ሞተሩ ይያዝልህ።