የ14 ዓመት ልጄ የዳሌ ቀዶ ሕክምና እስከ ክረምት መቆየት ይችላል?

እናት ከደሴ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ከጥምቀት ወዲህ "ግራ ጉልበቴን" እያለ ያነክሳል። ጉልበቱ ራጅ ተነሥቶ "ምንም የለውም" ተባልን፤ ማስታገሻ ተሰጠን። አሁን ሌላ ሐኪም ዳሌውን በራጅ አይቶ የጭኑ አጥንት ራስ ከአንገቱ ላይ ተንሸራቷል፣ በብሎን መታሰር አለበት፣ ቶሎ አዲስ አበባ ሂዱ አለን። ልጁ ግን እያነከሰም ቢሆን ይራመዳል፤ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪም ደርሶበታል። አያቱ ደግሞ ወጌሻ ይየው ይላሉ። ፈተናውን ጨርሶ ብንሄድስ?

የአጥንት ክፍል ነርስ፦
እህቴ፣ ይሄ ቀጠሮ የሚሰጠው ነገር አይደለም። በዚህ ዕድሜ የጭን አጥንት ራስና አንገት የሚገናኙት ገና እያደገ ባለ ለስላሳ ክፍል ላይ ነው፤ የሚንሸራተተውም እዚያ ነው። ራሱ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል፣ አንገቱ ወደ ፊትና ወደ ላይ ይሸሻል። ሐኪሙ በጀርባው አስተኝቶ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሲያጥፍለት ጭኑ ወደ ውጭ ሲያመልጥ አይተሽ ይሆናል፤ ምክንያቱ ይሄው ነው። የዳሌ ሕመም ጉልበት ላይ ስለሚሰማ ብዙ ልጆች ጉልበታቸው ብቻ ታይቶ ይመለሳሉ።

አሁን መራመድ መቻሉ ደግ ነገር ነው። አንድ ቀን ቢወድቅና አጥንቱ በድንገት ቢንሸራተት፣ በክራንችም መቆም ቢያቅተው፣ ወደ አጥንቱ ራስ የሚሄደው ደም ሊቋረጥ ይችላል። ያኔ የአጥንቱ ራስ ይሞታል፤ ይህን ደግሞ ብሎን አይመልሰውም። ስለዚህ እስኪታከም በዚያ እግር መሬት አይርገጥ። ወጌሻውን ፈጽሞ ተዉት፣ የሚታሽና የሚሳብ ነገር አይደለም።

አባት ከአዲስ አበባ፦
አይዞሽ እህቴ። የኔ ልጅ በ12 ዓመቷ ተሠርቶላታል። በራጅ ማሽን እያዩ ጭኗ ጎን ላይ በተከፈተች ትንሽ ቀዳዳ አንድ ብሎን አስገቡላት፤ ከዚያ ለጥቂት ሳምንታት በክራንች ሄደች። ኪዩር ሆስፒታል የልጆችን አጥንት በነፃ ያክማል፣ ጥቁር አንበሳም አለ። የተነሡትን ራጆች በሙሉ፣ የጉልበቱንም ጭምር፣ ከሪፈር ወረቀቱ ጋር ያዙ። ደግሞ ቀኙንም ዳሌ ይዩላችሁ፤ አንዱ የተንሸራተተበት ልጅ ሌላውም ሊከተል ይችላል።

እናት ከደሴ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከታሰረ በኋላ የዞረው እግሩ ይስተካከላል?

ፊዚዮቴራፒስት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ብሎኑ መንሸራተቱን ያቆማል እንጂ የዞረውን አይመልስም። በግድ ስቦ መመለስ የደም ሥሩን ሊጎዳ ስለሚችል አብዛኛውን ጊዜ ባለበት ያስሩታል። መንሸራተቱ ጥቂት ከሆነ አጥንቱ ሲያድግ በመጠኑ ራሱን ያስተካክላል። ብዙ ከሆነ፣ ማለትም መቀመጥ ካስቸገረው ወይም እግሩ ወደ ውጭ ዞሮ ከቀረ፣ በኋላ ላይ ሌላ ቀዶ ሕክምና አለ፦ ከአንገቱ በታች አጥንቱን ቆርጠው፣ አዙረው፣ በብረት ያስሩታል። ይሄኛው ከበድ ይላል፣ ማገገሚያውም ይረዝማል። ግን ጊዜ ተወስዶ የሚታሰብበት እሱ ነው፤ ብሎኑ ግን አሁን ነው።

እናት ከደሴ፦
እሺ፣ ነገ ሌሊት እንነሣለን። ፈተናውን ነው የሚያለቅስበት።

መምህር ከኮምቦልቻ፦
የሆስፒታሉን ማስረጃ ማኅተም አስደርገሽ ለርእሰ መምህሩ ላኪ። ታሞ የቀረ ተማሪ ጉዳይ በማስረጃ ይታያል፤ ከፈተናው ቀን በፊት ይድረሳቸው።

የአጥንት ክፍል ነርስ፦
መኪናው ላይ ሲወጣና ሲወርድ ሁለት ሰው ይደግፈው። መንገድ ላይ ሕመሙ በድንገት ከባሰበት በቅርብ ባገኛችሁት ሆስፒታል ግቡ።