የእናቴ የምግብ ቧንቧ በጣም ሰፍቷል፣ የትኛው ኦፕራሲዮን ይሻላል?

የማክዳ_ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። መዋጥ ካስቸገራት ስምንት ዓመት አለፈ። መጀመሪያ ጨጓራ ነው ተብላ ኪኒን ስትውጥ ከረመች፣ አሁን እንጀራው ቀርቶ አጥሚቱንም በውሃ እየገፋች ነው የምታወርደው፣ ሌሊት ደግሞ ይመለስና ትን እያላት ስታስል ታድራለች። ባሪየም የሚባል ነጭ ፈሳሽ ጠጥታ በተነሳችው ራጅ አካላዢያ ነው (የቧንቧው የታች ጡንቻ አልከፈት የሚልበት በሽታ)፣ ቧንቧው ከ6 ሳንቲሜትር በላይ ሰፍቶ ታች ላይ ተጣሟል ተባልን። አንዱ ሐኪም ጡንቻው ይሰንጠቅ ይላል፣ ሌላው ቧንቧው ወጥቶ በጨጓራ ይተካ። ግራ ገባኝ።

ቀስ_በል፦ አይዞሽ እህቴ። እኔ ሄለር የሚሉትን ሆዴ ተከፍቶ ተሠርቻለሁ። ታች የተቆለፈውን ጡንቻ ይሰነጥቁና፣ አሲድ እንዳይመለስ የጨጓራውን ጫፍ ያለብሱታል። ዛሬ ጥብስ እበላለሁ፣ ግን ቀስ ብዬ፣ ውሃ እየተጎነጨሁ። ቶሎ ቶሎ ከሚጎርስ ሰው ጋር ማዕድ መቅረብ ትቻለሁ፣ ያስርበኛል!

ሐኪሙ፦ ቀዶ ሕክምና ክፍል ነው የምሠራው። መሰንጠቁ የሰፋውን ቧንቧ ወደ ድሮው አይመልሰውም፣ መውረጃውን ነው የሚከፍተው። ቢሆንም የተጣመመባቸውም ብዙዎች ይሻላቸዋል፣ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከሱ ይጀመራል። ማውጣቱ ከባድ ነው። ስፌቱ ሊያፈስ፣ ሳንባ ሊታመም ይችላል፣ ሕይወት የሚያልፍበትም አለ። እኔ መሰንጠቁ ላልያዘለት ወይም ካንሰር ለተገኘበት ነው የማስበው። ለመሆኑ ኢንዶስኮፒ፣ በአፍ በሚገባው ካሜራ፣ ታይታለች? ይሄ በሽታ ሲቆይ ለካንሰር ያጋልጣል፣ ካንሰርም አካላዢያ መስሎ ይመጣል። ደግሞ ለማደንዘዣው ሐኪም ምግብ ቧንቧዋ ውስጥ እንደሚያድር ንገሩት፣ ስትተኛ ወደ ሳንባዋ እንዳይገባ ቀድሞ ባዶ መሆን አለበት።

ከጀርመን፦ እኔ ፖኤም ነው የተሠራሁት፣ ጃፓናዊው ዶክተር ኢኖዌ በ2008 የጀመረው፣ በአፍ ገብተው ጡንቻውን ከውስጥ የሚቆርጡት። ሆድ አይከፈትም። በ2019 የወጣ ጥናት ከሄለር ጋር ሲያነጻጽረው ከሁለት ዓመት በኋላ ውጤቱ ተቀራራቢ ነበር፣ በፖኤም 83፣ በሄለር 82 ከመቶ ገደማ ተሽሏቸዋል። ቧንቧቸው በአሲድ የቆሰለው ግን በፖኤም 44፣ በሄለር 29 ከመቶ ነው። እኔም የአሲድ መድኃኒቴን አላቋረጥኩም። ለዚህ ብላችሁ ቤት አትሽጡ።

የማክዳ_ልጅ፦ ኢንዶስኮፒ አልታየችም!! ራጁን አይተው ነው የወሰኑት። ሰኞ ይዣት እሄዳለሁ።

ሐኪሙ፦ ከዚያ በፊት ሁለት ሦስት ቀን ፈሳሽ ብቻ ስጧት፣ ቧንቧው ምግብ ከሞላው ምንም አይታይም።