ለጥግ አኳሪየም የትኞቹ ዓሦች ይሻላሉ? (190 ሊትር፣ ገና ውሃ ያልተሞላ)

ጥያቄ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሳሎን ጥግ ላይ የሚቀመጥ፣ ፊቱ ወደ ውጭ የጎበጠ አኳሪየም አግኝቻለሁ። ግድግዳ የሚነኩት ሁለቱ ጎኖቹ እያንዳንዳቸው 70 ሴንቲ ሜትር ናቸው፤ ከፍታው 60 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 190 ሊትር ያህል ይይዛል። ፊልተርና ማሞቂያ አብሮት አለ። ከዚህ በፊት ዓሣ ይዤ አላውቅም። ልጆቼ ዝርዝር አውጥተዋል፦ 20 ኒዮን ቴትራ፣ 4 ኤንጅልፊሽ፣ 2 ጎልድፊሽ፣ መስታወት የሚያጸዳ 1 ፕሌኮ። ይህ ሁሉ አብሮ መኖር ይችላል? ካልቻለስ የቱን ላስቀር? ትንሿ ልጄ ከአሁኑ ስም እያወጣችላቸው ነው፤ ባለማወቅ እንዲሞቱብን አልፈልግም።

መልስ 1፦

እህቴ፣ ውሃ ሳትሞዪ መጠየቅሽ ጥሩ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው ዓሦቹ መሞት ከጀመሩ በኋላ ነው።

ከዝርዝሩ ሁለቱን አሁኑኑ ሰርዢ። ጎልድፊሽ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ የሚመቸው ዓሣ ነው፤ ቴትራና ኤንጅልፊሽ ግን 25 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋሉ። ጎልድፊሽ ብዙ ይበላል፣ ውሃ ያቆሽሻል፣ ሲያድግም አፉ የሚችለውን ትንሽ ዓሣ ይውጣል። ተራው ፕሌኮ ደግሞ ስትገዢው ጣት ያህላል፤ ካደገ በኋላ 40 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። 70 ሴንቲ ሜትር ጎን ባለው ገንዳ ውስጥ መዞሪያም አያገኝ። በእሱ ፈንታ አንሲስትረስ የሚባለውን ፈልጊ። ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ያበቃል፤ ወንዱ አፍንጫው ላይ ጺም የመሰለ ነገር ያበቅላል። አንድ ብቻ ይበቃሻል። የሚፍቀውና የሚደበቅበት እንጨት አስገቢለት፤ አንዳንዴም የተቀቀለ ዝኩኒ ቁራጭ ስጪው፤ በመስታወት ላይ በሚያገኘው አልጌ ብቻ አይኖርም።

መልስ 2፦

በጎልድፊሹና በፕሌኮው እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው ስለ ኤንጅልፊሽና ኒዮን ነው። ኤንጅልፊሽ ገና ትንሽ ሳለ ከኒዮን ጋር በሰላም ይዋኛል፤ ሰው የሚታለለውም በዚህ ነው። ካደገ በኋላ የሰውነቱ ርዝመት 15 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ኒዮን ግን ከ4 ሴንቲ ሜትር አያልፍም፣ ቀጭንም ነው። እኔ 12 ኒዮን ከ2 ኤንጅልፊሽ ጋር አንድ ላይ ይዤ ነበር። ለወራት ምንም አልሆኑም። ከዚያ በየሌሊቱ አንድ አንድ እያሉ ጠፉ፤ ሬሳ እንኳ አላገኘሁም። መጀመሪያ በሽታ መስሎኝ ውሃውን ደጋግሜ መረመርኩ። አንድ ቀን ንጋት ላይ መብራት ሳበራ የኒዮን ጭራ ከአንዱ ኤንጅልፊሽ አፍ ወጥቶ አየሁ።

4 መሆናቸውም ችግር ነው። ሁለቱ ከተጣመሩ እንቁላል የሚጥሉበትን ቦታ ለመጠበቅ ሌሎቹን ያሳድዳሉ፤ በዚህ ገንዳ ውስጥ ደግሞ ተሳዳጁ የሚሸሽበት ቦታ የለም።

መልስ 3፦

ኤንጅልፊሽን ግን ጨርሰን አናስወጣው። የጥግ አኳሪየም ከፍታ ስላለው እንደ ኤንጅልፊሽ ላለ ቁመታም ዓሣ በጣም ይስማማል፤ ክንፎቹ ተዘርግተው ሲታይ ከላይ እስከ ታች ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ዋናውን ዓሣ ምረጪ፣ ሌላው እሱን ተከትሎ ይመረጣል። ዋናው ኤንጅልፊሽ ከሆነ 2 ብቻ ይሁኑ፤ አጃቢዎቹም እንደ ሌሞን ቴትራ ደንደን ያሉ ይሁኑ፤ ኒዮን ይቅር። ልጆቹ ከኒዮን አንለይም ካሉ ደግሞ ኤንጅልፊሽ ይቅር። ሁለቱንም ይዞ ተስፋ ማድረግ አይሆንም። ታይገር ባርብ የሚባለውንም ከኤንጅልፊሽ ጋር እንዳታስገቢ፤ ረጃጅም ክንፍ እየነከሰ ይጨርሳል።

ስለ ቅርጹ ደግሞ ልብ በይ፤ በሊትር ብቻ አታስቢ። ቀጥታ ለመዋኘት ረጅሙ መንገድ ከአንዱ የፊት ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ነው፤ ያ በአንቺ ገንዳ 99 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ወደ ኋላ በሄድሽ ቁጥር ግን እየጠበበ ጥጉ ላይ ያልቃል። እንጨቱን፣ ድንጋዩንና ረጃጅሙን ተክል ኋላ ጥጉ ላይ ከምሪና ፊቱን ክፍት ተዪው። ረጅም ርቀት መሮጥ የሚወዱ ዓሦችን፣ ለምሳሌ ሲልቨር ሻርክን፣ አታስቢያቸው፤ እሱማ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል።

መልስ 4፦

ሁላችሁም ስለ ዓሣ አወራችሁ፤ ውሃዋን የጠየቃት የለም። እህቴ፣ የቧንቧሽ ውሃ ጥንካሬ (የሟሟበት ማዕድን መጠን) እና ፒኤች (የአሲድነቱ ልክ) ስንት ነው? ኒዮንና ካርዲናል ቴትራ ለስላሳ ውሃ ይወዳሉ። ውሃሽ በጣም ጠንካራ ከሆነ እንደ ጋፒና ፕላቲ ያሉት ይሻሉሻል። እነሱን ከመረጥሽ ግን በየወሩ ገደማ እንደሚወልዱ እወቂ፤ ወንድ ብቻ ካልያዝሽ ገንዳው ቶሎ ይሞላል።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ውሃውን አስለካሁ፦ ፒኤች 7.2፣ ጥንካሬው በጀርመን ዲግሪ 8 ነው። ከልጆቼ ጋር ተማከርን። ታላቁ ልጄ ቅር ቢለውም ኒዮን መሰሎቹ አሸንፈዋል፤ ኤንጅልፊሽ ቀርቷል። ግን መሐል ላይ ዓይን የሚይዝ አንድ ትልቅ ዓሣ ቢኖር ብሎ ይለምነኛል። አለ?

መልስ 4፦

ውሃሽ መካከለኛ ነው፤ ቴትራ በደንብ ይኖርበታል። ለልጅሽ ፐርል ጉራሚ ንገሪው። ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር የሚያድግ፣ ገላው ላይ ዕንቁ የተዘራበት የመሰለ፣ የረጋ ዓሣ ነው። 1 ወንድና 2 ሴት ያዢ። ጉራሚ ከውሃው ወለል ላይ አየር ስለሚተነፍስ በውሃውና በክዳኑ መሐል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተዪለት። ከላይ የሚንሳፈፍ ተክል ብታደርጊ ይረጋጋል፤ ወንዱም የአረፋ ጎጆ ይሠራበታል።

እኔ ብሆን፦ 3 ፐርል ጉራሚ፣ 15 ካርዲናል ቴትራ (ከኒዮን ትንሽ ይበልጣል፣ ቀዩ መስመር ከራስ እስከ ጭራ ነው)፣ ለታችኛው ክፍል 8 ኮሪዶራስ፣ 1 አንሲስትረስ። በዚህ ላይ አልጨምርም። አሸዋና እንጨት ሲገባ እኮ 190 ሊትሩ ወደ 165 ገደማ ይወርዳል።

መልስ 1፦

ለኮሪዶራስ ጠጠር ሳይሆን ደቃቅ አሸዋ አድርጊ፤ አፋቸውን ቀብረው ነው ምግብ የሚፈልጉት፣ ሸካራ ጠጠር ጺማቸውን ይጎዳዋል። እነሱም አልፎ አልፎ አየር ለመጎንጨት ከታች እስከ ላይ ተወርውረው ይወጣሉ፤ ስታዪ እንዳትደነግጪ።

ከፍታውን በተመለከተ ሁለት ነገር ልንገርሽ። መብራት እታች ሲደርስ ይደክማል፤ ስለዚህ ብዙ ብርሃን የማይፈልጉትን አኑቢያስንና ጃቫ ፈርንን እንጨቱ ላይ እሰሪ፣ ሥራቸውን አሸዋ ውስጥ አትቅበሪ። ደግሞም እታች ያለውን ለማንሳት ክንድሽ እስከ ትከሻ መግባቱ ስለማይቀር ረጅም መቆንጠጫ ግዢ። ለጎበጠው መስታወት ለስላሳ ስፖንጅ ተጠቀሚ፤ ለጠፍጣፋ መስታወት የተሠራው ማግኔት በደንብ አይገጥምለትም፣ አሸዋ ከያዘም ይቧጭራል።

መልስ 2፦

ሲሞላ ውሃው ብቻ 190 ኪሎ ነው፤ መስታወቱ፣ አሸዋውና ማስቀመጫው ሲጨመር ከ250 ኪሎ አያንስም። ወለሉ ይህን የሚችል መሆኑንና መቀመጫው ዘንበል አለማለቱን ሳትሞዪ በውሃ ልክ አረጋግጪ። ከሞላ በኋላ አይነቃነቅም።

ጠያቂዋ፦

ዝርዝሩን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ። አሁን ውሃ ሞልቼ ቅዳሜ ዓሦቹን ባመጣ ይደርሳል?

መልስ 3፦

አይደርስም፤ እባክሽ አትቸኩዪ። የዓሣ ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ፊልተሩ ውስጥ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው። አሞኒያና ናይትራይት ዓሣ ይገድላሉ። ባክቴሪያዎቹ እስኪበዙ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ክሎሪን ማጥፊያ ጨምረሽ ሙዪው፣ ፊልተሩንና ማሞቂያውን አስነሺ፣ ባክቴሪያዎቹ የሚመገቡት እንዲያገኙ በየሁለት ቀኑ ቆንጠር አድርገሽ የዓሣ ምግብ ጣይበት። አሞኒያና ናይትራይት መጀመሪያ ከፍ ብለው ከዚያ ሁለቱም 0 ላይ ሲወርዱና ናይትሬት መታየት ሲጀምር ዝግጁ ነው። ጤናማ አኳሪየም ያለው ሰው ካወቅሽ ከፊልተሩ ቁራጭ ስፖንጅ ለምኚው፤ ጊዜውን በብዙ ያሳጥርልሻል።

ያን ጊዜም ሁሉንም ባንድ ቀን አታምጪ። በመጀመሪያ ኮሪዶራሶቹን፣ ከ2 ሳምንት በኋላ ካርዲናሎቹን፣ ከዚያ አንሲስትረሱን፣ ጉራሚዎቹን መጨረሻ ላይ፤ ቀድመው ከገቡ ቦታውን ሁሉ የኔ ነው ይላሉ። በየመሐሉ ውሃውን መርምሪ። ስታስገቢያቸው ከረጢቱን ገንዳው ላይ 20 ደቂቃ አንሳፍፊ፣ ትንሽ ትንሽ የገንዳ ውሃ ጨምሪበት፣ ዓሦቹን በመረብ አውጥተሽ አስገቢ። የከረጢቱን ውሃ ገንዳው ውስጥ እንዳትደፊ፣ ሌላ ቦታ አፍሺው።