ሚስት ባሏን ትውረስ ወይስ አትውረስ?

የውይይቱ ጥያቄ፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ሳይናዘዝ ሲሞት መጀመሪያ ልጆቹን፣ ልጅ ከሌለው ወላጆቹን፣ እነሱም ካለፉ የእነሱን ተወላጆች ይጠራል። ባልና ሚስት አይወራረሱም። ይቀየር?

የካቲት፦ ይቀየር እንጂ! 4 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት እንያዝ። በትዳር ውስጥ የተፈራ ከሆነ ሚስት 2 ሚሊዮኑን ትወስዳለች፤ ያውም ወራሽ ሆና ሳይሆን የጋራ ሀብት ድርሻዋ ስለሆነ። የቀረውን ልጆች እኩል ይካፈላሉ። ቤቱ ባል ከማግባቱ በፊት የሠራው ከሆነስ? 30 ዓመት ብትኖርበትም በውርስ የምታገኘው የለም። ልጅ ካልወለዱ፣ የባል ወላጆችም ካለፉ፣ ወንድሙ መጥቶ «ቁልፉን» ይላል።

ሚዛን፦ የወንድምየው ነገር እኔንም ይከነክነኛል። ግን ከመጀመሪያ ትዳሩ ልጆች ያሉትን ሰው አስቢ። ሁለተኛዋ ሚስት ብትወርስ፣ እሷ ስትሞት ንብረቱ ለራሷ ዘመዶች ነው የሚተርፈው። ለሚስቱ ያሰበ ይናዘዝላት፤ ማን ከለከለው?

የካቲት፦ እኛ ዘንድ ኑዛዜ የሚታሰበው ሰውየው አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ ነው። ያኔ በቃል ለሁለት ምስክር ቢናገር ደግሞ ስለ ቀብሩ፣ ስለ ልጆቹ ሞግዚትና ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። በ500 ብር ዛሬ ጋቢ ይገዛል? ድኖ ሦስት ወር ከቆየም ኑዛዜው ይሻራል።

ሰነድ፦ የጻፈውም ቢሆን በፎርም ይወድቃል። ባልና ሚስት አንድ ወረቀት ላይ «ቀድሞ የሞተው ለቀሪው» ብለው ይፈርማሉ፤ ቁጥር 858 እንዲህ ያለውን ዋጋ ያሳጣዋል። ለየብቻ ይጻፉ። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡም ከነቀኑ ሰነዱ ላይ መስፈር አለበት። ያቺ አንዲት መስመር ስትቀር አራቱም ፊርማ ከንቱ ነው። አንዱ ምስክር በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃል። በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረገው ደግሞ ከዳር እስከ ዳር በራሱ እጅ ተጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑ ተገልጾ፣ ቀንና ፊርማ ይኑረው። ልጁ ግማሹን ከጻፈለት አለቀ። በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠም ይሻራል፤ ሳጥን ውስጥ ማቆየት ትርፉ ይኸው ነው።

ሚዛን፦ ፎርሙን አሟልቶ «ሁሉም ለሚስቴ» ቢልስ?

ሰነድ፦ ልጆች ካሉ በዝምታ አይነቀሉም። ልጁን ከውርስ የሚነቅል ምክንያቱን ኑዛዜው ላይ ይጽፋል፤ ምክንያቱ ለመንቀል ይበቃል ወይ የሚለውን ፍርድ ቤት ያያል። ሳይነቀል ከድርሻው ከሩብ በላይ የጎደለበት ልጅም ክፍፍሉን መቃወም ይችላል። ለዚህ ነው የአላባ መብት የሚሻለው፦ ሚስት ዕድሜዋን ሙሉ ትኑርበት ወይም ታከራየው፣ ባለቤትነቱ ለልጆች ይሁን።

የካቲት፦ ታዲያ እሱኑ ሕጉ ራሱ ይስጣት! ላልተናዘዘውም ሚስት ይሁን።

ሚዛን፦ በአላባ ከሆነ ግማሽ መንገድ መጣሁ። ግን ሌላ ባል አግብታ ብታስገባውስ? እዚያ ላይ ይቁም የሚል አንቀጽ ካልገባበት አልስማማም።

የካቲት፦ ሚስቱ የሞተችበት ባል ሌላ ሲያገባም ይቁምበት? ለሁለቱም እኩል ከተጻፈ እንነጋገር።