ወደ ኤክሴል ስገለብጥ ቁጥሮቹ ይለወጡብኛል

ጤና ይስጥልኝ። የቁጠባ ማኅበራችንን መዝገብ ከዎርድ ሰንጠረዥ ወደ ኤክሴል ስገለብጥ በ09 የሚጀምረው ስልክ የፊቱን ዜሮ ያጣል፤ 13 አሃዝ ያለው የባንክ ሒሳብ ቁጥርም አጥሮ በነጥብና በፊደል ይጻፋል። ከገለበጥኩ በኋላ የሴሎቹን ፎርማት ወደ ጽሑፍ ብቀይረውም የጠፋው ዜሮ አልተመለሰም። በመጨረሻ ባዶውን ገጽ አስቀድሜ ወደ ጽሑፍ ቀይሬ ጽሑፉን ብቻ ስለጥፍ ስልኩና ሒሳቡ በትክክል ገቡ፤ ነገር ግን የብር መጠኑም እንደ ጽሑፍ ስለተቆጠረ የድምር ቀመሩ 0 ይሰጠኛል። ዓምዱን ወደ ቁጥር ብመልሰውም እያንዳንዱን ሴል ከፍቼ ኤንተር ካልተጫንኩ በቀር አይደመርም፤ የሰው ገንዘብ የተመዘገበበትን ሰንጠረዥ እንዲህ አንድ በአንድ መነካካት ደግሞ ስሕተት እንዳያመጣ እሰጋለሁ። ሌሎቹ ዓምዶች ሳይነኩ የብሩን ብቻ በአንድ ጊዜ ወደ ቁጥር የምመልስበትን መንገድ ብታስረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ።